እልፍኝና ተራራ፦ አምባሰል፣ እማሆይ እና የጥቂት ሰዎች ሙዚቃ

አውሮፓውያን “የክፍል ሙዚቃ” የሚሉት የሙዚቃ ዓይነት አላቸው። ስሙን ያገኘው ከሚሰማበት ቦታ ነው። ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ያለ መሪ ይጫወቱታል፤ አድማጩም አውታሩን ከሚነካው ጣት እምብዛም አይርቅም። የእነሃይድን ሥራዎች በታላላቅ አዳራሾች ከመሰማታቸው በፊት የተሰሙት በመኳንንት ቤት ውስጥ ነበር። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን “የፈረንጅ ነገር ነው” ብለን እናልፈዋለን። እኔ ግን ቃሉን ወደ አማርኛ ስመልሰው “የእልፍኝ ሙዚቃ” እለዋለሁ። እልፍኝ ያለው ሕዝብ የእልፍኝ ሙዚቃ አያጣምና።

ለዚህ ምስክሬን ከወሎ እጠራለሁ። ከሐይቅ ተነሥቶ የውጫሌን መንገድ የያዘ ሰው የሚገባው ወደ አምባሰል ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬና አምባሰል ከሚባሉት አራት ቅኝቶቻችን ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። አምባሰል አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ እነዚያ አምስቱ ግን ለሐዘንም ለፍቅርም፣ ለፉከራም ለጸሎትም አላነሱም። ቅኝቱ ያደገው በአንድ አውታር ማሲንቆና በክራር፣ ጥቂት ሰው ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ቤት ነው። በዚያ ቤት አድማጩ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ እንግዳ አይደለም። “ተቀበል!” ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ሰሙ ለሁሉም ነው፤ ወርቁን የሚይዘው ግን አጠገብ የተቀመጠ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ በስታዲየም አይሆንም። ቃሉ ከአፍ እስከ ጆሮ የሚጓዝበት መንገድ አጭር መሆን አለበት።

የእልፍኝ ሙዚቃችን ወቅትም አለው። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሌላው ዘፈን ጋብ ሲል፣ በገና ከተሰቀለበት ይወርዳል። ዐሥሩ አውታሮች ድምፃቸው ከአንድ ክፍል ብዙም አይዘልም፤ ብዙ ጊዜም ደርዳሪው ራሱ አድማጭ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን የሚዘልቅ፣ ትኬት የማይቆረጥለት የሙዚቃ ወቅት ከዚህ ወዲያ ከየት ይመጣል?

ወደ አምባሰል ልመለስ። የመስቀል ቅርጽ ያላት ግሸን አምባ በዚያው ናት። በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመናን የሚተሙባት ይህች ተራራ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች ከዙፋን እንዲርቁ የሚጋዙባት እስር ቤት ነበረች። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደግሞ አንዲት ሴት በፈቃዷ ወጣችባት።

የውብዳር ገብሩ በ1923 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ እኅታቸው ደራሲዋ ስንዱ ገብሩ ናቸው። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። የጣሊያን ወረራ ቤተሰባቸውን ለግዞት ዳረገ። ከጦርነቱ በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ። ለንደን ሄደው ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኘ፤ ፈቃድ ግን ተከለከሉ። ከዚህ በኋላ እህል አልቀምስ ብለው ለሞት ቀረቡ፤ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው ሲነሡ ሐሳባቸው ወደ ምንኩስና ዞሮ ነበር። በ21 ዓመታቸው መንኩሰው ጽጌ ማርያም ተባሉ፤ በግሸንም በባዶ እግራቸው እየሄዱ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ።

ከታሪካቸው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ዐሥር ዓመት ነው። አንድ ሙሉ የሙዚቃ ቅኝት በስሙ በሚጠራበት በአምባሰል ምድር፣ ጣቶቿ ለፒያኖ የሠለጠኑ ሴት ያለ ፒያኖ ተቀመጠች። በተራራው ላይ የነበረው ቅዳሴው፣ ማሕሌቱና ነፋሱ ነው። ከተራራው ከወረዱ በኋላ በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ፤ በደጅ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተውም እነርሱን ለመርዳት ሙዚቃቸውን ለማሳተም ቆረጡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1960ዎቹ በጀርመን ታተመ። በዚያ ፒያኖ ውስጥ አውሮፓም፣ ያሬድም፣ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንም ይሰማሉ። አንዱ ሌላውን አይጫነውም፤ ተራ በተራ እንደሚናገሩ እንግዶች ናቸው።

እማሆይ በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም፣ ፒያኖ ባለባት ጠባብ ክፍል ኖሩ። በ2006 ሥራዎቻቸው “ኢትዮጲክስ” በተባለው ተከታታይ አልበም 21ኛ ክፍል ወጥተው ዓለም ሰማቸው። በ2008 በዋሽንግተን ዲሲ በሕዝብ ፊት ተጫወቱ፤ በ2013 የሙዚቃ ድርሰቶቻቸው በኖታ ታተሙ። በመጋቢት 2023፣ በ99 ዓመታቸው፣ በዚያችው ከተማ ዐረፉ።

ተራራው በስሙ ጭምር ወደ ፒያኖ መምጣቱ አልቀረም። ክራር ሲጫወት አድጎ በሶፊያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ በ2014 “ላቭ ኤንድ ፒስ” በተሰኘ አልበሙ ውስጥ ካካተታቸው ድርሰቶች አንዱ “አምባሰል” ይባላል። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ክፍል።

ቅኝት ተንቀሳቃሽ ነው፤ በሸክላም፣ በኖታም፣ በጣትም ይሻገራል። እልፍኙ ግን አይንቀሳቀስም። ደርግ ሲመጣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና ትምህርት ተቋረጠ፤ በገናውን በየቤታቸው እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ይዘው አቆዩት። በ2024 ካዛንቺስ በልማት ስም ሲፈርስ አዝማሪ ቤቶቹም አብረው ተነሡ፤ ፈንድቃም የለመደውን ግቢ ለቀቀ። ከተማ መታደሱን አልጠላም። ነገር ግን ግድግዳ ሲፈርስ የሚጠፋው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ አድማጭ “ተቀበል!” የሚልበት ርቀት አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ምኞቴ ትንሽ ነው። በሐይቅ፣ ውኃው በሚታይበት አንድ ቤት፣ አርባ ሰው የሚይዝ እልፍኝ ይከፈት። ከመስከረም 21 በኋላ ማሲንቆና ክራር፣ በጾሙ በገና፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የእማሆይ ፒያኖ ይሰማበት። አምባሰል ስሙን ለዓለም አበድሯል፤ ድምፁን በቅርብ የሚሰማበት አንድ ክፍል ቢመለስለት ብድሩ መከፈል ጀመረ ማለት ነው።