«የጣሊያን ጊዜ ነው» የተባለው ብስክሌት

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ስሙ የጠፋ፣ ቀለሙ ሦስት አራት ጊዜ የተቀየረ፣ አርማው የተነቀለ አሮጌ ብስክሌት ፊታችሁ ቢቀመጥና «ማን ሠራው? መቼ?» ብትባሉ ከየት ትጀምራላችሁ?

ለእኔ ጥያቄው የመጣው ሆሳዕና ካለው የአያቴ ቤት ነው። ጓዳው ግድግዳ ላይ አንድ ብስክሌት ተሰቅሎ ኖሯል። ከነቸርኬው አለ፤ ሴላው ግን የለም፣ ፔዳሉና ትልቁ ጥርስም በሌላ ተቀይረዋል። ቤተሰቡ ስለሱ የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ጣሊያን ጥሎት ሲሄድ አባባ ያነሱት።» ዱራሜ የሚኖሩት አጎቴም፣ አያቴን በቅርብ የሚያውቁ ጎረቤቶችም ይህንኑ ይላሉ። እኔም ልጅ ሆኜ ለጓደኞቼ በኩራት አውርቼዋለሁ።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ የተመለሱት ደግሞ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። ታሪኩ እውነት ከሆነ ብስክሌቱ ከ1933 በፊት የተሠራ መሆን አለበት ማለት ነው። ይህ ሊፈተሽ የሚችል ነገር ነው። መካኒካል ምህንድስና የተማረ ሰው ደግሞ ሊፈተሽ የሚችል ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንታዘብ። እኛ አገር አሮጌ የሆነ ብረት ሁሉ «የጣሊያን» ነው፤ ድልድዩ፣ ወፍጮው፣ መኪናው። ለብስክሌት ሲሆን ደግሞ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ቴላዮ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ቻይና የተሠራውን ብስክሌት እንኳ የምንጠግነው በጣልያንኛ ነው። ቃሉ ከጣሊያን መጣ ማለት ግን ዕቃው ከጣሊያን መጣ ማለት አይደለም። ደግሞም የውጭ ሰውና የውጭ ዕቃ ሆሳዕና የገባው ከጣሊያን ጋር ብቻ አይደለም፤ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ገና በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ከወረራው በፊት፣ እዚያ ነበሩ።

ታዲያ ምን እንመን? ብስክሌት እንደ ልብስ ነው፤ አዝራሩ ይቀየራል፣ ኪሱ ይጣፋል። ሴላ፣ ፔዳል፣ ጎማ፣ መሪ ሁሉ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዕቃ ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ለምሳሌ ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የበርሚንግሃም ፋብሪካ ብስክሌት ብቻ ሳይሆን መለዋወጫና መጋጠሚያም ለሌሎች ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። «ቢ.ኤስ.ኤ.» የሚል ማህተም ያለበት ዕቃ አገኛችሁ ማለት ብስክሌቱ ቢ.ኤስ.ኤ. ነው ማለት አይደለም። ሊቀየር የማይችለው ቴላዮው ነው። ቴላዮው ላይ ደግሞ በቀለምም በጊዜም የማይጠፋው ፋብሪካው በመሣሪያ ቆርጦ ያወጣው የብሎን ጥርስ ነው። ፋብሪካ ጥርስ መቁረጫውን በየጊዜው አይቀይርም፤ ቢቀይር መለዋወጫው ሁሉ አብሮ መቀየር ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት የብሎን ጥርስ እንደ አነጋገር ዘዬ ነው፤ ሰውየው ስሙን ቢደብቅ እንኳ የት እንዳደገ ያሳብቅበታል።

ጥርሱን የምታገኙት ከታች፣ የፔዳሉ ዘንግ በሚዞርበት አጭር ወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው። «የፔዳል ቤት» እንበለው። በግራና በቀኝ የኩሽኔታው ኳሶች የሚቀመጡባቸው ሁለት የብረት ኩባያዎች በጥርስ ይገቡበታል። የእንግሊዞቹ የተለመደ ልክ ይህ ነው፦ የኩባያው ስፋት 34.8 ሚሊሜትር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 24 ጥርስ፣ የቤቱ ርዝመት 68 ሚሊሜትር፣ በቀኝ በኩል ያለው ጥርስ ደግሞ የተገላቢጦሽ፣ ማለትም ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቅ። ጣሊያኖች በኩባያው ስፋት 36 ሚሊሜትር፣ በርዝመቱ 70 ሚሊሜትር ይላሉ፤ ጥርሱ 24 ሆኖ በሁለቱም በኩል እንደ ማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። ፈረንሳዮች 35 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ልክ 1 ሚሊሜትር፣ በሁለቱም በኩል ወደ ቀኝ።

(የእንግሊዞቹ መገላበጥ ለቅንጦት አይደለም። ኳሶቹ ጫና ተሸክመው ሲዞሩ የቀኙን ኩባያ ጥቂት በጥቂት ወደሚፈታበት አቅጣጫ ይገፉታል። ተገላቢጦሽ ጥርስ ይህንኑ ግፊት ወደ ማጥበቅ ይቀይረዋል። የጣሊያን ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች የቀኙ ኩባያ እየላላ እንደሚያስቸግራቸው የታወቀ ነው።)

የአያቴን ብስክሌት ሆሳዕና ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ ወሰድኩት። ሰውየው የቀኙን ኩባያ ይዞ ወደ ግራ ታገለ፤ ንቅንቅ የለም። ናፍጣ አፍስሰን አደርን። በማግስቱም ያው። «ዝጓል፣ እንቁረጠው» አለኝ። እኔ ግን ወደ ቀኝ እንድንሞክር ለመንኩት። ተንቋቋና ተፈታ። የቤተሰባችን ታሪክ መፍረስ የጀመረው እዚያች ደቂቃ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዞር የተፈታ የቀኝ ኩባያ የጣሊያን ልክ አይደለም።

ቀጥሎ ካሊፐር። ስፋቱ 34.9 ሆነ። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው። 34.8 የተለመደው የእንግሊዝ ነው፣ 35 የፈረንሳይ ነው፤ ያረጀና የተበላ ብረት ላይ ይህን መለየት አይቻልም። ጥርሱን መቁጠር ያስፈልጋል። የጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ ከብረታ ብረት ሱቅ ተራ የ6 ሚሊሜትር ብሎን ግዙ፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ልክ 1 ሚሊሜትር ነው። የብሎኑን ጥርስ ከኩባያው ጥርስ ጋር አነካክታችሁ ወደ ብርሃን አንሱት። ባለ 24 ከሆነ በ10 ሚሊሜትር ውስጥ በግማሽ ጥርስ ያህል ይዛነፋል፤ በዓይን ይታያል። የእኔ ግን እስከ መጨረሻው የገጠመ መሰለ። የፈረንሳይ ይሆን እንዴ? ፈረንሳይ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፤ የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ የፈረንሳይ ዕቃ መንገድ ነበረው። ነገር ግን የፈረንሳይ ከሆነ የቀኙ ኩባያ ወደ ግራ መፈታት ነበረበት። የሴላው ቱቦም ሲለካ 28.6 ሚሊሜትር ነው፤ ፈረንሳዮች 28 ነው የሚጠቀሙት።

የቀረው ፎርኬታው ነው። ከመሪው ሥር ያለው ጥርስ ረዘም ስለሚል ለቆጠራ ይመቻል። በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊሜትር ላይ ምልክት አድርጌ በመርፌ ጫፍ ቆጠርኩ። 26። ደግሜ ቆጠርኩ፤ 26።

በኢንች 26 ጥርስ የአንድ ፋብሪካ ግትርነት ነው። ኖቲንግሃም ከተማ የነበረው ራሌይ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 የተመሠረተው፣ ሌላው እንግሊዝ 24 ሲል እሱ በ26 ቀጠለ። እርግጥ ራሌይ በዓለም ዙሪያ የተቀዳ ብስክሌት ነው። የቻይናው ፍላይንግ ፒጅን እ.ኤ.አ. በ1950 ቲያንጂን ላይ መሠራት ሲጀምር አርአያው የእንግሊዝ ብስክሌት ነበር። ሕንድ ውስጥ አትላስ እ.ኤ.አ. በ1951፣ ሂሮ በ1956 ተነሥተው የዚያኑ ዓይነት ጥቁር፣ ረጅም፣ በብረት ዘንግ ፍሬን የሚይዝ ብስክሌት ሠርተዋል። ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ናቸው። ስለዚህ 26 ብቻውን አይበቃም፤ ሌላ ምስክር መጥራት አለብን።

ምስክሩ የኋላው ሞዞ፣ የቸርኬው እምብርት ነበር። ቅባትና አፈር ተጋግሮበት እንደ ድንጋይ ሆኗል። በናፍጣና በጥርስ ብሩሽ አንድ ሰዓት ስፈትገው ጽሑፍ ብቅ አለ፤ «ስተርሚ አርቸር»፣ «ኤ.ደብሊው»፣ ከዚያ «58» እና «4»። ስተርሚ አርቸር የራሌይ የማርሽ ሞዞ ነው፣ ሦስት ማርሽ በሆዱ የያዘ። ኤ.ደብሊው የሚባለው ዓይነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን ፋብሪካው ዓመቱንና ወሩን በቁጥር ያትምበት ነበር። ሚያዝያ አካባቢ፣ 1958። በእኛ 1950 ዓ.ም.፤ ጣሊያን ከወጣ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ!

ቆይ፣ አትቸኩሉ። ቸርኬም ይቀየራል ብለን የለም እንዴ? ሞዞው የ1950 ቢሆንም ቴላዮው ሊቀድም ይችላል። መልሱን የሰጠኝ ቀለሙ ነው። ከላይ የቤት በር የሚቀባበት ሰማያዊ፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከሁሉም በታች ቀጭን የወርቅ መስመር ያለው የፋብሪካ ጥቁር። የማርሹ ሽቦ የሚያልፍባት ትንሽ መዘውር ከሴላው ሥር ባለው ቱቦ ላይ በቀለበት ትታሰራለች። ቀለበቷ ዛሬ የለችም፤ የጠባሳዋ ዙሪያ ግን ጥቁሩ ቀለም ላይ ተቀርጾ ቀርቷል፣ አረንጓዴው በላዩ አልፎበታል። ስለዚህ ብስክሌቱ ገና በመጀመሪያ ቀለሙ እያለ ባለ ማርሽ ነበር ማለት ነው። የራዲዮቹም ነገር ይስማማል፤ ፊት 32፣ ኋላ 40 ሽቦ፣ የእንግሊዞች የቆየ ልማድ። ሦስት ምስክር አንድ ቃል ሲናገር ዳኛ ይፈርዳል፤ እኔም ኖቲንግሃም፣ 1950 ዓ.ም. ገደማ ብዬ ፈረድኩ።

የሠሪው ስምስ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ራሌይ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐምበርን፣ በ1943 ረጅን ገዝቷል፤ ሦስቱም ስሞች ከዚያ በኋላ ኖቲንግሃም ውስጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ይወጡ ነበር። የሚለዩት በትልቁ ጥርስ ቅርጽ (የራሌይ የወፍ ራስ፣ የረጅ የተዘረጋ እጅ፣ የሐምበር ሰዎች) እና ቱቦው ላይ በተለጠፈው ስም ነው። ትልቁ ጥርስ ተቀይሯል ብያችኋለሁ። ስሙ የሚለጠፍበትን ቱቦ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ምንም ሳላውቅ፣ ቁጥር ፍለጋ ብዬ በግራይንደር እስከ ብረቱ አጸዳሁት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ስልሳ ዓመት በላይ ሁለት ቀለም ሥር ተደብቆ የኖረ ስም ከነበረ፣ አቧራ ሆኖ በረረ።

እባካችሁ እናንተ ይህን አታድርጉ። ቁጥር ከፈለጋችሁ ከፔዳል ቤቱ ሥር፣ ከሴላው መጋጠሚያና ከኋላው ቸርኬ ማሰሪያ አጠገብ በናፍጣና በጨርቅ ብቻ ፈልጉ። ቀለም ማየት ካለባችሁ የማይታይ ቦታ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያላችሁ፣ ሽፋኖቹ እንደ ቀለበት አንዱ ባንዱ ውስጥ እስኪታዩ። የአርማው ማሰሪያ ቀዳዳዎችንም አትድፈኑ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከታወቁ አርማዎች ጋር ይነጻጸራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠጋኙ «በአዲስ ጥርስ እናውጣው» ሲላችሁ እሺ አትበሉ። የፔዳል ቤቱ በሌላ ልክ እንደገና ከተቆረጠ ዘዬው ጠፋ።

እውነተኛ የጣሊያን ቴላዮ ቢገጥማችሁስ? 36 እና 70 ካገኛችሁ በኋላም «የወረራው ዘመን» አትበሉ። አስመራ ላይ የጣሊያን ብስክሌት ከወረራው በፊትም በኋላም ነበረ፤ የኤርትራ ዙር ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ሲጋልቡ ደግሞ 1949 ዓ.ም. ነበር። የውድድር ቴላዮ ከሆነ የኋላው ቸርኬ የሚገባበትን ክፍተት ለኩ። 120 ሚሊሜትር ባለ አምስት ጥርስ ዘመን ነው፣ 126 ወደ 1970ዎቹ መጨረሻና 80ዎቹ ይጠጋል፣ 130 ከሆነ ከዚያም ወዲህ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የሴላው ማጥበቂያ ብሎን ከቱቦው ኋላ ሳይሆን ከፊት፣ መጋጠሚያው ውስጥ ከተቀበረ ሌኛኖን ጠርጥሩ።

ውጤቱን ለአጎቴ ስነግራቸው ደስ አይላቸውም ብዬ ፈርቼ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ አባባ ገዝተውት ነዋ!» አሉ። ከዚያ ጥያቄው ተከተለ፤ በስንት? ከማን? ያኔ ምን ሸጠው? አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ነው ወይስ እዚሁ? ጣሊያን ጥሎት የሄደ ዕቃ ሲባል ማንም እነዚህን ጠይቆ አያውቅም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የአያቴን የወረቀት ሳጥን ከአጎቴ ጋር እየፈተሽን ነው፤ ከ1950 ዓ.ም. በፊት ያለውን ወደ ጎን እያደረግን።