ሁሉም የሚያውቀው ምስጢር

ከለንደን በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ኬንት በሚባለው አውራጃ ፋቨርሻም የተባለች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። አንድ ቀን በታክሲዬ ሰው አድርሼ ስመለስ በአቢ ጎዳና ላይ አንድ አሮጌ ቤት አየሁ። ሀገር ቤት ሳለሁ የታሪክ መምህር ነበርኩና እንዲህ ያለ ቤት ዐይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም። በዚያ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1551 ሚስትና ውሽማ ተማክረው ባልን ገድለዋል። ታሪኩን የማነሣው ለወሬ ያህል አይደለም፤ እኛም በስደት ዓለም «የሰው ገመና ነው» እያልን የምናልፈው ነገር ስላለ ነው።

ሟቹ ቶማስ አርደን ይባላል። በ1548 የከተማዋ ከንቲባ ነበር፤ የወደቡ ጉምሩክ ሹምም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ዘግቶ ርስታቸውን ሲወርስ፣ ከፋቨርሻም ገዳም መሬት ብዙው ዞሮ ዞሮ አርደን እጅ ገባ። ሚስቱ አሊስ የባለሥልጣኑ የሰር ኤድዋርድ ኖርዝ የእንጀራ ልጅ ነበረች። ይህች ሴት በእንጀራ አባቷ ቤት ያገለግል ከነበረ ቶማስ ሞዝቢ ከሚባል ልብስ ሰፊ ጋር በምስጢር ወዳጅነት ያዘች።

ለመሆኑ ምስጢር ነበረን? ራፋኤል ሆሊንሼድ በ1577 ባሳተመው ዜና መዋዕል እንደጻፈው ባልየው ራሱ ያውቅ ነበር። ነገር ግን ሚስቱን ቢያስቀይም ከዘመዶቿ የሚያገኘው ጥቅም እንዳይቀርበት ፈርቶ አላየሁም አለ። ሞዝቢንም በገበታው ያስቀምጠው ነበር። በዝምታው ሰላም የገዛ መስሎት ይሆናል፤ የገዛው ግን ጊዜ ብቻ ነበር።

አሊስ መጀመሪያ የሞከረችው መርዝ ነው። መርዝ የሚያውቅ አንድ የከተማው ሠዓሊ ሰጣትና በቁርስ ወተት ውስጥ ጨመረችው። አርደን አንድ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ ጣዕሙም መልኩም ስላልጣመው ተወው፤ መንገድ ላይ አስመልሶት ዳነ።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቂም ያለው ሰው ገባበት። ግሪን የሚባል ሰው «አርደን መሬቴን ነጠቀኝ» ብሎ አቂሞ ነበር። አሊስም 10 ፓውንድ ልትሰጠው ተስማማች፤ እሱም ብላክ ዊል የተባለ ወሮበላ የቀድሞ ወታደር አገኘ። ማይክል የተባለው የአርደን አሽከር ደግሞ የሞዝቢን ዘመድ ሊድሩለት ቃል ስለተገባለት ጌታውን ከዳ። በለንደንም በመንገድም ደጋግመው አድፍጠው ሳይሳካላቸው ቀረ። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ባልየው፣ ሠዓሊው፣ አሽከሩ፣ የቤት ሠራተኛዋና የሞዝቢ እህት ሁሉም የየድርሻቸውን ያውቁ ነበር። አንድም አፍ አውጥቶ የተናገረ የለም።

እሑድ የካቲት 15 ቀን 1551 (በእነርሱ አቆጣጠር) ማታ አርደን ከሞዝቢ ጋር የገበታ ጨዋታ ይዞ ሳለ ብላክ ዊል ከኋላው መጥቶ በፎጣ አነቀው። ሞዝቢ ከስድስት ኪሎ በላይ በሚመዝን የልብስ ካውያ ራሱን መታው። አሊስም በቢላዋ ደጋግማ ወጋችው። ከዚያም ከለንደን የመጡ እንግዶች ተጠርተው እራት ተበላ፤ ልጅቷም መሣሪያ እንድትጫወት ታዝዛ ተጨፈረ። ሬሳውን ከቤቱ ጀርባ ሜዳ ላይ የጣሉት እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

በረዶ እየጣለ ስለነበር ዱካችንን ይሸፍንልናል ብለው አስበው ነበር፤ በረዶው ግን ቆመ። ከሬሳው እስከ ቤቱ የእግር ምልክት ተገኘ። በዚያ ዘመን እንግሊዞችም እንደኛ ወለል ላይ ቄጠማ ይጎዘጉዙ ነበርና፣ በሟቹ ጫማና እግር መካከል ቄጠማ ተሰክቶ ታየ። ቤት ውስጥ እንደተገደለ የመሰከረው ያ ቄጠማ ነው።

በ1351 በወጣው ሕግ ሚስት ባሏን ብትገድል ወይም አሽከር ጌታውን ቢገድል ክህደት ነበር፤ ባል ሚስቱን ቢገድል ግን ተራ ነፍስ ማጥፋት ይባል ነበር። ስለዚህ አሊስ ካንተርበሪ ላይ በእሳት ተቃጠለች፤ የቤት ሠራተኛዋም እንዲሁ ፋቨርሻም ላይ። ሞዝቢና እህቱ ለንደን ውስጥ፣ ማይክል በከተማው ተሰቀሉ። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ብራድሾው የተባለው አንጥረኛ ነው። ግሪን ለአሊስ የላከውን ደብዳቤ ይዘቱን ሳያውቅ ስላደረሰ ብቻ እሱም ተሰቀለ። ምስጢሩን እያወቁ ዝም ያሉት ያቀጣጠሉት እሳት ምንም ያላወቀውን በላ።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር በትዳር ጓደኛ ወይም በቀድሞ ወዳጅ እጅ ከሚገደሉት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። የነገሩ አካሄድ ግን ከዚያው ብዙም አይርቅም፤ ኩርፊያ፣ ድብቅ ወዳጅነት፣ የንብረት ክርክር፣ ከዚያም «እገድልሃለሁ፣ እገድልሻለሁ» የሚል ቃል። ይህን የሚሰማ ጎረቤትና ዘመድ ደግሞ አይጠፋም።

እኔም ከማንም አልሻልም። የማውቀው ሰው ቤት ሲታመስ እየሰማሁ «ባልና ሚስት ናቸው፣ ይታረቃሉ» ብዬ ለወራት አለፍኩ። ሚስቱ አንድ ሌሊት ሁለት ልጆቿን ይዛ ታክሲዬ ውስጥ ስትገባ ነው ያፈርኩት። ደግነቱ ሞት አልደረሰም።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው። ኩርፊያ ሲሆን ሽማግሌ ይላክ። ፍቅሩ ካለቀም ሁለቱም በሕይወት ሳሉ በሰላም ይለያዩ። የመግደል ዛቻ ከተሰማ ግን ጉዳዩ ከሽማግሌ እጅ ወጥቷልና ፖሊስ ይጠራ። ገመና መሸፈን መልካም ነው፤ ሬሳ ግን በረዶም አይሸፍነው።