«አልተገኘም»

«ገጹ አልተገኘም» የምትለውን መልስ የአዲስ አበባ አንባቢ አይዘነጋትም። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ወዲህ በርካታ የፖለቲካ ድረ ገጾች ከአገር ውስጥ አንከፈትም ባሉባቸው ዓመታት፣ በኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈልን በባዶ ገጽ ላይ ያፈጠጥን ብዙዎች ነን። ይህችኑ መልስ ለተቃውሞ ያዋሉ ሰዎች እንደነበሩ ያወቅሁት ግን ዘግይቼ ነው።

ታሪኩ የሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 1997፣ በቺያፓስ ግዛት አክቴያል በተባለች መንደር ለጸሎት የተሰበሰቡ 45 የማያ ተወላጆች በታጣቂዎች ተጨፈጨፉ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ራሳቸውን «ንቦቹ» ብለው የሚጠሩ ክርስቲያኖች ሲሆኑ፣ በ1994 ያመፁትን የዛፓቲስታዎች ዓላማ ቢደግፉም ጠመንጃ ማንሳትን አይቀበሉም ነበር።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1998፣ ሪካርዶ ዶሚንጌዝና ሦስት ባልደረቦቹ አሜሪካ ሆነው «ፍለድኔት» የተሰኘች ትንሽ ፕሮግራም ሠሩ። ተቃዋሚው ፕሮግራሟን ከፍቶ ሲቀመጥ፣ እርሷ የሜክሲኮን ፕሬዚዳንት ድረ ገጽ በየጥቂት ሴኮንዱ እየደጋገመች ትጠይቃለች። ጠያቂው ሲበዛ ድረ ገጹ ይዝላል። ሐሳቡ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በ1960 በግሪንስቦሮ ነጮች ብቻ በሚስተናገዱበት የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም ካሉበት ትግል የተቀዳ ነው።

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ሥራዋ ነው። ፕሮግራሟ በሰርቨሩ ላይ ፈጽሞ የሌሉ ገጾችንም ትጠይቅ ነበር፤ የገጾቹ ስም ደግሞ የአክቴያል ሟቾች ስም ነው። ሰርቨሩም እንደ ልማዱ የእያንዳንዱን ሟች ስም እየጠራ፣ «አልተገኘም» ሲል በገዛ መዝገቡ ጻፈ። «ሰብአዊ መብት» ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ ያው ነበር፤ በዚህ ሰርቨር ላይ አልተገኘም! እንግዲህ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ የመንግሥት መግለጫ ከየት ይመጣል?

የሌላውን ድረ ገጽ ማጨናነቅ ሐሳብን ማፈን ነው የሚሉ አሉ፤ ከራሳቸው ከተሟጋቾቹ ወገን ጭምር። በግማሽ ልቤ እስማማለሁ። ገጽ ሲዘጋበት የኖረ ሰው መዝጋት ሊጣፍጠው አይገባም። ይሁን እንጂ ፍለድኔት ኃይሏ ከሰው ቁጥር ነበር፤ ሰው ካልተቀመጠ አትሠራም። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1998 ወደ ፔንታጎን ድረ ገጽ ስትዞር እንኳ ምላሽ የተሰጠው በዚያው መልክ ነው፤ የፔንታጎን ሰዎች የተቃዋሚዎቹን ብራውዘር የሚያደናቅፍ ፕሮግራም መልሰው ላኩ።

በ2007 የኢስቶኒያን ባንኮች፣ ጋዜጦችና የመንግሥት ድረ ገጾች ካጥለቀለቀው ጥቃት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ይመስለኛል። በዚያኛው ጥያቄውን ይልኩ ከነበሩት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የተጠለፉ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ወሬውንም አልሰሙ። ፍለድኔትን የከፈተ ሰው ግን በማን ስም እንደተቀመጠ ያውቅ ነበር።