ኮንቴይነሩ ውስጥ አባወራው ማነው?

ኮንቴይነር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የሰፈር ሱቅ የሆነው የብረት ሳጥን ነው። የዛሬው ወሬያችን ግን ሰርቨር ውስጥ ስላለው ነው። ከጓደኞቻችን ጋር የሠራናትን ትንሽ የትእዛዝ መቀበያ ድረ ገጽ አንዱ ውስጥ ጠቅጥቀን ነበር፤ ገጹን የሚያቀርበውን፣ ትእዛዝ የሚመዘግበውንና ኢሜይል የሚልከውን ፕሮግራም በአንድ ስክሪፕት አስነስተን። ባቆምነው ቁጥር 10 ሰከንድ ይደርቅና ድርግም ይላል። የተጀመረ ትእዛዝም አብሮ ይጠፋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንፈልግ ታሪክ ውስጥ ገባን።

በዩኒክስ ቤት ቁጥር 1 የሆነው ፕሮሰስ አባወራ ነው። ሌሎቹን ያስነሳል፣ ወላጅ የሞተባቸውን ይረከባል፣ ሲሞቱም መርዷቸውን ይቀበላል። መርዶው እስኪሰማ ድረስ ሟቹ ከመዝገብ አይፋቅም። ፈረንጆቹ "ዞምቢ" ይሉታል፤ እኛ ብንሆን እርሙ ያልወጣ እንለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 የመጣው ቺሩት ያጠረው የፋይሉን ግቢ ብቻ ነው። በ2000 ፍሪቢኤስዲ በ"ጄይል" ፕሮሰሶቹንም ለየ፤ መርዶ ተቀባዩ ግን የውጪው አባወራ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ2008 ነው፤ ሊኑክስ 2.6.24 ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ቁጥር 1 ፈቀደ። በ2013 ሰሎሞን ሃይክስ ለሕዝብ ያሳየው ዶከር ደግሞ የምናስነሳውን ፕሮግራም ራሱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ያልተማረበት ሹመት!

"አንድ ኮንቴይነር፣ አንድ ፕሮሰስ" የሚለው ስብከት የተስፋፋው ያኔ ነው። እኛን አላሳመነንም። ኤንጂንኤክስ ብቻውን እንኳ አለቃና ሠራተኞች አሉት።

የእኛ ጣጣ ሌላ ነበር። ዶከር "አቁም" የሚለውን ሲግናል የሚልከው ለቁጥር 1 ነው፤ ሊኑክስ ደግሞ ቁጥር 1 መቀበያ ካላዘጋጀለት ሲግናሉን ችላ ይለዋል። ስክሪፕታችን አላዘጋጀም። 10 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ሁሉም በግድ ይገደላል።

በ2017 ዶከር 1.13 "ቲኒ" የምትባል ትንሽ አባወራ የሚያስገባ አማራጭ ጨመረ። ሞከርናት። ማቆሙ ፈጠነ፣ ትእዛዙ ግን አሁንም ይጠፋል! ለካ ቲኒ የምትነግረው ለስክሪፕቱ ብቻ ነው፤ እሱ ሲሞት እሷም ትወጣለች፣ የቀሩት ሳይሰሙ ይታረዳሉ። በመጨረሻ ስክሪፕቱን ጥለን ከዶከር በፊት የነበረውን ሱፐርቫይዘርን አመጣን። ለሦስቱም ይነግራል፣ ጨርሰው እስኪወጡም ይጠብቃል። አንድ አመል አለው፦ አንዱ ፕሮግራም ደጋግሞ ቢሞትም እሱ ስለሚያነሳው ከውጭ ለሚያይ ኮንቴይነሩ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ መዝገቡን በየጠዋቱ እናያለን።