ጉልበት ወይስ ጥምረት? ከቤተ ማርያም ግቢ እስከ ጆሮ ማዳመጫችን

አገራችን ውስጥ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው። ለሠርግ ይምጣ ለምረቃ፣ ለስብሰባ ይምጣ ለንግሥ በዓል፣ የትም ይሠራ የት፣ ስሙ ያው ነው። ቃሉ ግን የአንድ የጣሊያን አምራች ስም ነው። የንግድ ምልክቱ ከሳጥኑ ላይ ወርዶ የዕቃው መጠሪያ ሆነና ቀረ።

ይህች ትንሽ የቋንቋ ታሪክ ስለ ድምፅ ያለንን አመለካከት ታሳያለች። ድምፅ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበን ጉልበት ነው። «ስንት ዋት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። «ከምን ጋር ይገጥማል?» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ገዝተው የሚስማማውን አምፕሊፋየር የሚፈልጉ ሰዎች ግን ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ ብር አያወጡም። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ላስታ ልወጣ ነው። ጉዳዩ የቅንጦት ዕቃ ጉዳይ ይመስላል፤ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ልናጣው የምንችለው ትልቅ ነገር እንዳለ ታያላችሁ።

አለቱና ዜማው

የላሊበላ 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የዛግዌው ንጉሥ የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ተብለው ይታወቃሉ፤ ዘመኑም የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ13ኛው መጀመሪያ ነው። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ሥራውን አይቶ ሲጽፍ «አንባቢ አያምነኝም» ብሎ ሰግቶ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ አረጋግጧል። ዩኔስኮም በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ መመዝገብ ሲጀምር ላሊበላን ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ አስገብቷታል። ከአልቫሬስ ወዲህ ስለ ላሊበላ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ግን የዓይን ምስክርነት ነው፤ ቁመቱ፣ ወርዱ፣ መስኮቱ፣ ዓምዱ። የጆሮ ምስክርነት በጣም ትንሽ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ በልደት ቀን፣ በቤተ ማርያም ግቢ የሚሆነውን አስቡት። «ቤዛ ኩሉ» በሚባለው ሥርዓት ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ ከላይ፣ ግቢውን በከበበው አለት አፋፍ ላይ ይቆማሉ፤ ማሜ ጋራ የሚባለው ነው። ግማሾቹ ከታች ከግቢው ውስጥ ይሆናሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የሰዎች ምሳሌ ናቸው። አንዱ ወገን ያዜማል፣ ሌላው ይቀበላል። ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ መቋሚያው ይወዛወዛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የኤሌክትሪክ ሽቦ አያስፈልግም።

እንዴት ይሰማል? ግቢው ወደ ታች የተቆፈረ የአለት ገንዳ ነው፤ በሰሜን ግድግዳው ቤተ መስቀል፣ በደቡብ ግድግዳው ቤተ ደናግል ተፈልፍለውበታል። ጠንካራ አለት ድምፅን አይውጥም፣ ይመልሰዋል። ጣሪያ ስለሌለው ደግሞ ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ መውጫው ወደ ላይ፣ አፋፉ ላይ ወዳለው ሕዝብ ነው። ቀራጮቹ ለድምፅ አስበው ቆፈሩት ብዬ አልከራከርም። ሊቃውንቱ ግን ያገኙትን ሥፍራ አውቀው ተጠቅመውበታል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ረጅም ትንፋሽ ያለው፣ አንዱን ፊደል የሚያስረዝም ዜማ ነው። እንዲህ ያለ ዜማ ገደል ማሚቶ አይጎዳውም፤ የተመለሰው ድምፅ ከአዲሱ ጋር ተደርቦ ያወፍረዋል። ፈጣን ንግግር በዚያው ግቢ ቢነገር ግን ቃል በቃል ላይ ይደራረብና ትርጉሙ ይጠፋል።

ይህ ነው ጥምረት ማለት። ድምፁ ለሥፍራው ይስማማል፤ ሥፍራውም ለድምፁ።

ማጉላት ከመብራት በፊት

በኤሌክትሪክ ያልሆነ ማጉላት ሁሉ የሚሠራው በዚህ ዘዴ ነው። የማሲንቆ ጅራት ብቻውን ቢገዘገዝ ከክንድ ርቀት በላይ አይሰማም። ቀጭን ክር ብዙ አየር መግፋት አይችልም። ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ሲገባበት ግን የክሩ ትንሽ እንቅስቃሴ ለሰፊ ቆዳ ይተላለፋል፣ ቆዳው አየሩን ይገፋል። ሳጥኑ አዲስ ጉልበት አልጨመረም፤ ያለውን ጉልበት ለአየሩ በሚስማማ መንገድ አደረሰው እንጂ። መለከትና እምቢልታም ቢሆኑ እንደዚሁ ናቸው። የመለከት አፍ እየሰፋ የሚሄደው ለጌጥ አይደለም፤ በጠባቡ ቱቦ ያለውን ግፊት ቀስ በቀስ ከውጭው ሰፊ አየር ጋር ለማገናኘት ነው።

የራሳችን ጆሮም ይህንኑ ያደርጋል። በመካከለኛው ጆሮ ያሉት ሦስቱ ጥቃቅን አጥንቶች ሥራቸው የአየርን ንዝረት ለውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ በሚስማማ ግፊት ማስረከብ ነው። እነሱ ባይኖሩ አብዛኛው ድምፅ ፈሳሹን ነክቶ ወደ ውጭ ይመለስ ነበር።

እያንዳንዱ ማዳመጫ የዘመኑ ማጉያ ልጅ ነው

አሁን ወደ ጆሮ ማዳመጫ እንምጣ። በ1910 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ናትናኤል ባልድዊን በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ የሠራውን ማዳመጫ ለአገሩ ባሕር ኃይል ሸጠ። በ1958 እ.ኤ.አ. ኮስ የተባለው ኩባንያ ለሙዚቃ የሚሆን ስቴሪዮ ማዳመጫ አወጣ። በ1968 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 414ን ይዞ መጣ፤ ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ 2,000 ኦም ነበር። ዛሬ ከስልክ ጋር የሚሸጠው ኤርፎን ከ16 እስከ 32 ኦም ቢሆን ነው። በመካከል ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውና እስካሁን በአድማጮች ዘንድ የሚከበረው ኤችዲ 600 አለ፤ እሱ 300 ኦም ነው።

ቁጥሩ ለምን እንዲህ ተለያየ? የድሮ ማጉያዎች ከግድግዳ መብራት የሚሠሩ፣ ቮልት የተትረፈረፈላቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ማዳመጫው ከፍተኛ ኦም ቢኖረው አይጨነቁም። በ1979 እ.ኤ.አ. ዎክማን መጣ፣ በኋላም ስልክ መጣ። እነዚህ በትንሽ ባትሪ የሚሠሩ፣ ቮልታቸው ጥቂት የሆነ ዕቃዎች ናቸው። ማዳመጫውም ኦሙን ዝቅ አድርጎ ተከተላቸው።

በቁጥር እንየው። ለባለ 32 ኦም ማዳመጫ አንድ ሚሊዋት ኃይል ለማድረስ 0.18 ቮልት ገደማ ይበቃል፤ የሚጠይቀው ግን 5.6 ሚሊአምፒር ነው። ባለ 300 ኦሙ ለዚያው አንድ ሚሊዋት 0.55 ቮልት ይፈልጋል፤ የሚበቃው ደግሞ 1.8 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። አንዱ ቮልት ይጠይቃል፣ ሌላው አምፒር። ስለዚህ «ኃይለኛ አምፕሊፋየር» ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ለየትኛው?

ሁለተኛው ነገር የማጉያው የራሱ ውስጣዊ ኢምፒዳንስ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች የማጉያው ከማዳመጫው አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ይመክራሉ፤ ለ32 ኦም ማዳመጫ 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ግን በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት 120 ኦም ብሎ ነበር። በዚያ መንገድ የተሠራ ዕቃ ከዛሬ ኤርፎን ጋር ሲገናኝ የድምፁን መልክ ሊለውጠው ይችላል፤ የማዳመጫው ኦም በወፍራምና በቀጭን ድምፅ ላይ አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ ይጎላል፣ ሌላው ይደበዝዛል። ዕቃዎቹ ሁለቱም ደህና ናቸው። ጋብቻቸው ነው ያልሰመረው።

በገና የምትወዱ ይህን በቀላሉ ትፈትሹታላችሁ። ዓለሙ አጋ በኢትዮፒክስ ተከታታይ 11ኛው አልበም የተጫወተውን ስሙ። ከጅማቱ ሥር ያለው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራው፣ የሚፈጥረው ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ ተለይቶ ይሰማችኋል ወይስ አንድ ላይ ተድበስብሷል? ድምፁን መጨመር ካላጠራው፣ ችግሩ የጉልበት አይደለም።

ሞንታርቦ በአለቱ መካከል

በላስታም እንደሌላው አገር የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ገብቷል። ጥቅሙን አልክድም። ለልደት ወደ ላሊበላ የሚወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው፤ የጠፋ ሰው ለመፈለግ፣ መተፋፈግን ለማስቆም፣ ትምህርት ለማስተላለፍ ማይክራፎን ያስፈልጋል። ጥያቄዬ ስለ አገጣጠሙ ነው።

ምሰሶ ላይ የሚሰቀለው የጥሩምባ ቅርጽ ያለው ማጉያ የተሠራው ንግግርን ሩቅ ለማድረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ወይም ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ አያወጣም። የከበሮው ሆድ፣ የወንዶች ዜማ ወፍራም መሠረት ያለው ደግሞ እዚያው ታች ነው። ስለዚህ በጥሩምባው የሚወጣው ማኅሌት ሥጋው ቀርቶ አጥንቱ የተረፈ ማኅሌት ነው። ባለሙያ ሳይጠየቅ ሲገጠም ደግሞ ይብሳል። በ100 ቮልት መስመር የሚሠራ ጥሩምባ የራሱ ትራንስፎርመር አለው፤ የጥሩምባዎቹ ዋት ሲደመር ከማጉያው መብለጥ የለበትም። ባለ 8 ኦሙን ያለ ትራንስፎርመር እዚያ መስመር ላይ የሰካ ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። ማጉያውን ከአቅሙ በላይ የገፋ ደግሞ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጥበታል፤ ጆሮ የሚበሳው ያ ሻካራ ጩኸት እሱ ነው።

አንድ የፊዚክስ ሕግም አለ። በሜዳ ላይ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። የራቀውን ሰው ልክ እንደ ቅርቡ ለማሰማት ጉልበቱን 4 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያኔ አጠገቡ የቆመው ይደነቁራል። መፍትሔው ትልቅ ሞንታርቦ ሳይሆን ትንንሽ ማጉያዎችን በዝቅተኛ ድምፅ ወደ ሕዝቡ አቅርቦ መበተን ነው። ዜማው በሚባልበት ሰዓትም ማጥፋት። ስምንት መቶ ዓመት የቆየው አለት ሥራውን ያውቃል።

የሚያሳስበው

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ጩኸት ብቻ አይደለም። የዘንድሮው ቀረጻ የነገው ታሪክ ስለሆነ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም ዣን ጄንኪንስ በኢትዮጵያ እየዞረች ሙዚቃ ቀርጻለች። ከ1973 ጀምሮ አሜሪካዊቷ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ አገራችን መጥታ አጥንታለች፤ ከፒተር ጄፍሪ ጋር ስለ ዜማችን ያዘጋጀችው ሦስት ጥራዝ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እነዚህ ሰዎች የቀረጹት የሰውን ድምፅና የሥፍራውን ድምፅ ነው። ዛሬ ከእነሱ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ቪዲዮ በየስልኩ አለን፤ ነገር ግን ብዙው የተቀረጸው ከሞንታርቦ አፍ ነው። ጫፉ የተቆረጠ ድምፅ ከተቀረጸ በኋላ ምንም ዓይነት ማዳመጫ፣ ምንም ዓይነት አምፕሊፋየር አይመልሰውም። በመቶ ሺህ ብር የተገዛው ዕቃ የሚያሰማን ስህተቱን አጥርቶ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራት መቆየቷን አስታውሱ። ከዚያ ወዲህም ሰላም አልሰነበተላትም። አለቱን ለመጠገን ኮሚቴ አለ፣ ገንዘብ ይፈለጋል፣ ባለሙያ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። ዜማው ግን የሚኖረው በሊቃውንቱ ጉሮሮ ውስጥ ነው። መሪጌታ ሲያልፍ ድምፁም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ የምለው ቀላል ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ፣ የባህል ቢሮው፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን እና በዓሉን በቀጥታ የሚያስተላልፉ ጣቢያዎች ተነጋግረው፣ «ቤዛ ኩሉ»ን አንድ ጊዜ እንኳ ማጉያ ጠፍቶ፣ አንድ ማይክራፎን ከላይ አንድ ከታች ተደርጎ፣ ጆሮ ማዳመጫ ባጠለቀ ባለሙያ ይቀረጽ። ወጪው ከአንድ ትልቅ ሞንታርቦ ዋጋ አይበልጥም።

እናንተም ማዳመጫ ስትገዙ ከዋት በፊት ኦሙን ጠይቁ። ድምፁንም ዝቅ አድርጉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ 80 ዴሲቤል ይላል። ዕቃ ይተካል፤ ጆሮ አይተካም። እንደ ላስታ ሊቃውንት ዓይነት ድምፅም እንዲሁ።

በአካባቢያችሁ በዓል ላይ የድምፅ ማጉያ አገጣጠም እንዴት ነው? ሐሳባችሁን ጻፉልን።