የመንገደኛ ጊዜ ዋጋ፤ ስለ ዘገየ በረራ የሚከፈለው ካሣ አጭር ታሪክ

አንድ ነጋዴ እህሉን በበቅሎ አስጭኖ ሲልክ ጭነቱ ከገበያው ቀን በኋላ ቢደርስ፥ ከእህሉ አንዲት ቁና ሳትጐድል ነጋዴው ይከስራል። እህሉ ሙሉ ነው፤ የጐደለው ቀኑ ነው። ይህን የጐደለ ቀን ማን ይክፈለው? ስንትስ ይከፈል? አይሮፕላን የሰው መመላለሻ ከሆነ ወዲህ ይኸው አሮጌ ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቶ የሕግ ዐዋቂዎችን ሲያከራክር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ለዘገየ ወይም ለቀረ በረራ ለመንገደኛ የሚሰጠው ካሣ እንዴት እንደ ተጀመረ፥ በምን ምክንያት እንደ ተለወጠና ከምን ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ ነው። የዓመቱ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. የዋርሶ ስምምነት

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የአየር መንገድ ኩባንያዎች ሲበዙ፥ አንድ አይሮፕላን በአንድ ቀን የብዙ አገሮችን ድንበር ያልፍ ጀመር። መንገደኛው ጉዳት ቢደርስበት በየትኛው አገር ሕግ እንደሚዳኝ ግልጽ አልነበረም። ስለዚህ በ1925 በፓሪስ ጉባኤ ተደረገ፤ ጉዳዩን የሚያጠና የሕግ ዐዋቂዎች ኮሚቴም እንዲቋቋም ተወሰነ። ከዚህ ሥራ የተገኘው ስምምነት ኦክቶበር 12 ቀን 1929 በዋርሶ ተፈርሞ በ1933 የጸና ሆነ።

የስምምነቱ 19ኛ አንቀጽ አጓጓዡ በመዘግየት ምክንያት በመንገደኛ፥ በሻንጣና በዕቃ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው 20ኛው አንቀጽ ግን አጓጓዡ ጉዳቱ እንዳይደርስ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን፥ ወይም ይህን ለማድረግ የማይቻል መሆኑን ካስረዳ ከኀላፊነት ነጻ ያወጣዋል። 22ኛው አንቀጽ ደግሞ ለአንድ መንገደኛ የሚከፈለው ካሣ ከ125,000 የወርቅ ፍራንክ እንዳይበልጥ ወሰን አበጅቷል። አንዱ ፍራንክ ዘጠኝ መቶ ከሺህ የጠራ 65.5 ሚሊግራም ወርቅ ነበረ።

እንግዲህ ስምምነቱ በሁለት ወገን የተደረገ ልውውጥ መሆኑን እናያለን። ከጥፋት ነጻ መሆኑን የማስረዳት ሸክም በኩባንያው ላይ ወደቀ፤ ኩባንያውም በፈንታው የካሣ ጣሪያ አገኘ። በዚያን ጊዜ የአየር መንገዶች ገና ለጋ ስለ ነበሩ፥ በአንድ አደጋ እንዳይጠፉ መጠበቃቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ነገር ግን በመዘግየት ጉዳይ መንገደኛውን ያስቸገረው የካሣው ጣሪያ አልነበረም። ስምምነቱ አይሮፕላን ስንት ሰዓት ሲቈይ «ዘገየ» እንደሚባል አልወሰነም። ኩባንያዎችም በቲኬታቸው ላይ የተጻፈው ሰዓት የውሉ ክፍል አይደለም የሚል ቃል ያትሙ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሳሹ የደረሰበትን ኪሣራ በገንዘብ ቈጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ውል ለመፈራረም የሚሄድ ነጋዴ ይህን ያደርግ ይሆናል። በአይሮፕላን ጣቢያ ወንበር ላይ ሌሊቱን ያሳለፈች እናት ግን ምን ማስረጃ ታቀርባለች?

2. ስለ ሰው ሕይወት የተደረገው ክርክር

ከዚህ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል የተደረገው ክርክር በአብዛኛው ስለ ሞትና ስለ አካል ጉዳት ነበር። በ1955 የሔግ ፕሮቶኮል የካሣውን ጣሪያ ወደ 250,000 ፍራንክ ከፍ አደረገው። አሜሪካ ግን ይህ አይበቃም ስትል በ1965 ከስምምነቱ እንደምትወጣ አስታወቀች። በ1966 ኩባንያዎቹ በሞንትሪያል ተስማምተው ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ ጉዞ እስከ 75,000 ዶላር ለመክፈል ሲስማሙ ነው ሐሳቧን የለወጠችው። በአገራችንም በ1960 የወጣው የንግድ ሕግ በሦስተኛው መጽሐፉ ስለ አየር ማጓጓዝ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በዚህ ሁሉ ዘመን የመዘግየት ነገር ወደ ኋላ ቀርቶ ቈየ።

3. ከመቀመጫው በላይ መሸጥ

ነገሩን ያነቃቃው ከሌላ በኩል የመጣ ክርክር ነው። ባዶውን የበረረ መቀመጫ እንደ ሌላ ሸቀጥ ለነገ አይቀመጥም። ቦታ ከያዙት ሰዎች ጥቂቶቹ ሁልጊዜ ስለሚቀሩ፥ ኩባንያዎች ካላቸው መቀመጫ የበለጠ መሸጥን ልማድ አደረጉ። ሁሉም በመጡ ቀን ግን አንዱ ከደጅ ይቀራል።

ኤፕሪል 28 ቀን 1972 ከደጅ ከቀሩት አንዱ ስለ ሸማቾች መብት በመከራከር የታወቀው ራልፍ ኔደር ነበረ። ከዋሺንግተን ወደ ሃርትፎርድ ሄዶ በስብሰባ ላይ ሊናገር ቦታ ይዞ ሳለ፥ የአሌጌኒ አየር መንገድ አይሮፕላን ሞልቷል ተባለ። ኩባንያው በደንቡ መሠረት 32 ዶላር ከ41 ሣንቲም ካሣ ቢያቀርብለት አልቀበልም ብሎ ከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ፍርድ፥ አየር መንገዶችን የሚቈጣጠር መሥሪያ ቤት መኖሩ ብቻ መንገደኛውን ከልክ በላይ መሸጡን ሳይነገረኝ ተታለልሁ ብሎ በፍርድ ቤት ከመክሰስ አያግደውም አለ። ጉዳዩ ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ተመልሶ ገና ብዙ ተከራከሩበት፤ የተሰወረው ልማድ ግን ከዚያ ወዲህ በአደባባይ የታወቀ ሆነ።

ጁልየን ሳይመን የተባለ የኤኮኖሚ ሊቅ ደግሞ በ1968 አንድ ቀላል መፍትሔ አቅርቦ ነበር። ይኸውም ኩባንያው ደካማውን መርጦ ከሚያስቀር፥ ገንዘብ ተቀብሎ በፈቃዱ የሚቀር ሰው ይፈልግ የሚል ነው። በመጀመሪያ ብዙዎች ቢያቃልሉትም በ1978 የአሜሪካ ደንብ ሆነ። እንደ እኛ አስተያየት የታሪኩ መጠምዘዣ ይህ ነው፤ የመንገደኛው ጊዜ በገበያ ዋጋ ሊቈረጥለት የሚችል ነገር መሆኑ ታወቀ።

4. የአውሮፓ ደንብ

አውሮፓ በ1991 ከመሳፈር ለተከለከሉ መንገደኞች ካሣ ወሰነች። በ2004 የወጣውና ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2005 ጀምሮ የሠራው 261ኛው ደንብ ደግሞ የተሰረዘ በረራን ጨምሮ ቁርጥ ሒሳብ አቆመ፤ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ኤውሮ፥ ለመካከለኛው መንገድ 400፥ ከ3,500 ኪሎ ሜትር ለሚበልጥ ረጅም ጉዞ 600 ኤውሮ። ከሳሹ ኪሣራውን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ኩባንያው ግን ልዩ ሁኔታ እንዳጋጠመው ካስረዳ ከካሣው ይድናል።

ደንቡ ስለ ተሰረዘ በረራ ካሣን ሲናገር፥ ስለ ዘገየ በረራ ግን ምግብና ማደሪያን እንጂ ካሣን በግልጽ አይጠቅስም ነበር። በሉክሰምቡርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2009 ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛም እኩል ጊዜ አጥቷልና እኩል ይካሣል ሲል ፈረደ። ከዚያ በፊት በ2008 በአይሮፕላኑ ላይ የሚገኝ የቴክኒክ ብልሽት በአብዛኛው ልዩ ሁኔታ እንዳልሆነ ወስኖ ነበር። በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ሰማዩን ሲዘጋ ካሣ ባይከፈልም፥ ኩባንያው መንገደኞቹን የማብላትና የማሳደር ግዴታው እንዳልቀረ በ2013 አስታወቀ።

ኩባንያዎች በበኩላቸው ካሣው አንዳንድ ጊዜ ከቲኬቱ ዋጋ ይበልጣል ብለው ያማርራሉ። አቤቱታቸው ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ በ2025 የአባል አገሮች ሚኒስትሮች ሦስቱ ሰዓት ወደ አራትና ወደ ስድስት ከፍ እንዲል የተስማሙት ከዚሁ ክርክር የተነሣ ነው። ቢሆንም ዳኞቹ የመዘኑት የቲኬቱን ዋጋ ሳይሆን የማይመለሰውን ጊዜ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

5. ነገሩ ለእኛ

በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የዋርሶን ቦታ ተክቷል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ስለ መዘግየት ለአንድ መንገደኛ የሚከፈለው ወሰን በመጀመሪያ 4,150 ኤስ. ዲ. አር. የተባለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን፥ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 6,303 ሆኗል። መሠረቱ ግን የ1929ኙ ነው፤ ኪሣራህን አስረዳ ይላል። ስለዚህ መንገደኛ የሆቴሉን፥ የምግቡንና የመኪናውን ደረሰኝ መጠበቅ፥ የዘገየ ሻንጣ ከተረከበም በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሁለት ሰዎች በአንድ የኢትዮጵያ አይሮፕላን፥ አንዱ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ፥ ሌላው ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲሄዱ እኩል አምስት ሰዓት ቢዘገዩ፥ የመጀመሪያው ከአውሮፓ የተነሣ ስለ ሆነ 600 ኤውሮ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን በአውሮፓ ኩባንያ ካልተሳፈረ በቀር ደንቡ አይደርስለትም፤ ኪሣራውን በማስረጃ ይቈጥራል። መንገዱ አንድ፥ የጠፋው ሰዓት አንድ፥ ዋጋው ግን ሁለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ለሰው ጊዜ ዋጋ የሚቈርጥለት የሚነሣበት አገር ሕግ መሆኑን ነው። አፍሪካውያን መንግሥታት እንደ አውሮፓ ያለ ቁርጥ ሒሳብ ቢያቆሙ ለአገር ኩባንያዎች ሸክም ይሆን ወይስ የመንገደኛን እምነት አትርፎ ይመልሰው? ይህን መመርመር ከእኛ ይልቅ ለሕግና ለኤኮኖሚ ተማሪዎች የተገባ ነውና፥ ጓደኞቻችን ጥያቄውን ከዚህ ተቀብለው እንዲቀጥሉት እናሳስባለን።