እንጅባራ፦ የከተማዋ ታሪክና የሕዝቧ ማንነት

እንጅባራ በአማራ ክልል የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚያመራውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው። ብዙዎች ዛሬም ኮሶበር በሚለው በቀድሞ ስሟ ይጠሯታል።

አካባቢው ጥንታዊው የ«ሰባት ቤት አገው» ምድር ነው። ሰባቱ ቤቶች አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ ዚገምና መተከል ተብለው ይታወቃሉ። የሕዝቡ ቋንቋ አዊኛ ሲሆን ከኩሽ ቋንቋዎች መካከል በአገው ቅርንጫፍ ይመደባል። በከተማዋ አማርኛና አዊኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ።

በፋሺስት ወረራ ዘመን ጠላት በእንጅባራ ምሽግ ነበረው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ከገቡ በኋላ፣ አርበኞችና ጌዴዎን የተባለው ጦር ሲገሰግሱ ጠላት በየካቲት ወር ከተማዋን ለቆ ወደ ቡሬ ሸሸ።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረስ በዓድዋ ድል የነበረውን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ዕለቱ ወር በገባ በ23 የሚታሰበው የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነው፤ የዓድዋ ድልም የተገኘው በዚሁ ሰማዕት ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ በዓሉ የአገር ታሪክንና የምእመናንን እምነት አንድ አድርጎ ይዟል።

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ ከ21 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሯት፤ አብዛኛዎቹም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ነበሩ። የዙሪያው ገበሬ በገብስ፣ በድንችና በቀርከሃ ይተዳደራል፤ የዘንገና ሐይቅም በአቅራቢያዋ ይገኛል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የሚመጡ ወጣቶች በከተማዋ ይኖራሉ።

ይህ ለውጥ ለእኛ አደራም ጭምር ነው። እናት በቤቷ በአዊኛ ጸልያ ልጇን ስታሳድግ፣ ልጁ ግን ትምህርተ ሃይማኖትን በዚያ ቋንቋ ካልሰማ፣ ወይ ቋንቋውን ወይ ቃሉን ሊያጣ ይችላል። በበዓለ ጰራቅሊጦስ ሕዝቡ ሁሉ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በየቋንቋው እንደ ሰማ እናስታውሳለን። በመሆኑም በአዊኛ የሚያስተምሩ ካህናትንና ሰባክያንን ማፍራት፣ ከሩቅ የመጡትንም ወጣቶች እንደ ቤተሰብ መቀበል የሁላችን ድርሻ ነው።